የደጋው ምግብ ቤት ገበታ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚቀርቡ ምግቦች ለሰውነት ምን ይሰጣሉ?

በሰሜን ሸዋ ዞን ደጋማ ወረዳዎች ዘወትር በምግብ ቤት የሚመገበው ሰው ጥቂት አይደለም። ከቤተሰቡ ርቆ የተመደበ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ሠራተኛ፣ የጭነት መኪና አሽከርካሪ፣ በገበያ ቀን እህሉንና በጉን ይዞ የወጣ አርሶ አደር፣ ሁሉም በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በወገሬ፣ በዘመሮ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ከአንዱ ምግብ ቤት ገብቶ ይስተናገዳል። ለአርሶ አደሩ ይህ በሳምንት አንድ ቀን የሚያጋጥም ነው፤ ለመምህሩ ግን በዓመት ሁለት መቶና ከዚያ በላይ ምሳ ማለት ነው። በዚህ መጠን የሚደጋገም ምግብ የሰውን ደም፣ ክብደትና የደም ግፊት የመወሰን አቅም አለው።

ይህ ጽሑፍ በአካባቢው ምግብ ቤቶች በብዛት የሚታዘዙትን ምግቦች ይዘት ይመለከታል። የተጠቀሱት መጠኖች በምግብ ይዘት ሠንጠረዦች ላይ ተመሥርተው በግምት የተሰሉ ናቸው፤ የአንዱ ቤት እንጀራ ስፋትና ውፍረት፣ የአንዱ ወጥ ቤት የዘይት እጅም ከሌላው ይለያልና አንባቢ እንደ መነሻ ይያዛቸው። በአጭሩ ለመናገር፣ የደጋው ገበታ በገንቢ ምግብ ድሃ አይደለም። የሚጎድለው አረንጓዴ ቅጠልና ፍራፍሬ ሲሆን የሚበዛው ዘይትና ጨው ነው። ከሁሉ የሚያስቆጨው ደግሞ የአገሩ ዋና ሀብት የሆነው ገብስ ከምግብ ቤቱ ሰሌዳ ላይ እምብዛም አለመታየቱ ነው።

ከፍታውና ድስቱ

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከፍታ በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በመንዝ አናት ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ከዚያ በኋላ እሳት ቢጨመርበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። ደረቅ ባቄላና አተር በዚህ ሙቀት እስኪበስሉ ብዙ ሰዓትና ብዙ ማገዶ ይፈጃሉ። ጥራጥሬውን ቆልቶ፣ ከክቶና አስፈጭቶ ሽሮ ማድረግ ለዚህ ችግር ጥሩ መፍትሔ ነው። ዱቄቱ አስቀድሞ እሳት የቀመሰ በመሆኑ፣ ደቆም ስለ ተፈጨ፣ በአጭር ጊዜ ይበስላል። ሽሮ በደጋው ምግብ ቤቶች የዕለት ተዕለት ምግብ የሆነበት ምክንያት ርካሽነቱ ብቻ አይመስልም።

ውርጭም የራሱን ድርሻ ወስዷል። በመንዝና በግሼ ከፍተኛ ቦታዎች ጤፍ አይሆንም፤ በበልግም በመኸርም የሚዘራው ገብስ ነው፤ ከእርሱ ጋር ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ተልባ ይበቅላሉ። መርሐቤቴ ግን ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ ቆላና ወይና ደጋም ስላለው ጤፍና ማሽላ ያመርታል። እንግዲህ የዓለም ከተማ ምግብ ቤት የጤፍ እንጀራ ሲያቀርብ የቅርብ እህሉን እያቀረበ ነው፤ የመሐል ሜዳው ግን ከሌላ አካባቢ በመኪና የመጣ ጤፍ ይገዛል።

እንጀራው፦ ጤፍ ወይስ ገብስ?

እንጀራ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውኃ ነው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ የጤፍ እንጀራ 430 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይልና 12 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። ጤፍ በብረትና በካልሲየም ይዘቱ የታወቀ ነው፤ 100 ግራም ደረቅ ጤፍ 180 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው። የብረቱ ነገር ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። በተለያዩ ምርመራዎች የተገኘው የጤፍ ብረት መጠን እጅግ የተራራቀ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ጤፉ በአፈር አውድማ ላይ ሲበራይ የሚጣበቅበት አፈር ነው። የአፈሩ ብረት በመለኪያ መሣሪያ ላይ ቢታይም ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። የሁለትና የሦስት ቀን ቡኮ ግን እውነተኛ ጥቅም አለው። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረትንና ዚንክን ይዞ ወደ ደም እንዳይገቡ የሚከለክል ሲሆን፣ ቡኮው በደንብ ሲብላላ መጠኑ ይቀንሳል። በአንድ ሌሊት በእርሾ ብዛት ተጣድፎ የተጋገረ እንጀራ ዓይኑ ቢያምርም በዚህ በኩል ያንሳል።

ገብስን በተመለከተ ኢትዮጵያ ለዓለም ያበረከተችው ብዙ ነው። ሩሲያዊው የእጽዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የእህል ዘር ሲሰበስብ የገብሱ ዓይነት ብዛት አስደንቆት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በስዊድን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በከፍተኛ መጠን የሚገኝበትን ገብስ ይፋ አደረጉ፤ ሂፕሮሊ የሚል ስም የተሰጠው ይህ ገብስ ምንጩ ኢትዮጵያ ናት። ላይሲን በእህል ዘሮች ሁሉ የሚያንስ ንጥረ ነገር በመሆኑ ግኝቱ በዘመኑ ትልቅ ወሬ ሆኖ ነበር።

ተራው ገብስም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። 100 ግራም ያልተፈተገ ገብስ 12 ግራም ያህል ፕሮቲንና 17 ግራም ያህል አሰር አለው። ከአሰሩ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባለው ክፍል ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይወፍራል፤ የገብስ አጥሚት የሚያዝገው በእርሱ ነው። ይህ ዝልግልግ ነገር በአንጀት ውስጥ የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል፤ የኮሌስትሮልን መጠንም ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን የሚያስገኝ የገብስ ምግብ ለልብ ጤና እንደሚረዳ በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ የፈቀደው በዚሁ ማስረጃ ነው። ይህ መጠን ከ60 እስከ 80 ግራም በሚሆን ገብስ ውስጥ ይገኛል፤ ጠዋት አንድ ሳህን የገብስ ቅንጬ የበላ ሰው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ገብሱ እጅግ ከተፈተገ ግን የአሰሩ ከፊል አብሮ ይሄዳል።

ታዲያ ተመጋቢው ገብስን በምግብ ቤት ከየት ያገኘዋል? ቅንጬ በቁርስ ሰዓት በብዙ ቤቶች አለ፤ የገብስ ይሁን የስንዴ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ገንፎ በአንዳንድ ቤት ይገኛል። በሶ የመንገደኛ ስንቅ ሆኖ ቆይቷል፤ 50 ግራም በሶ በውኃ ተበጥብጦ 180 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ስኳር ካልተጨመረበት ከማንኛውም ለስላሳ መጠጥ የሚሻል ነው። ሰነፍ ቆሎ ከተባለው ገብስ የተቆላው ቆሎ በየመናኸሪያው ይሸጣል። የገብስ እንጀራ ግን በገበሬው ቤት እንጂ በምግብ ቤት እምብዛም አይቀርብም፤ እንግዳ በገብስ እንጀራ ማስተናገድ እንደ ድህነት የተቆጠረበት አስተሳሰብ ገና አልለቀቀንም። ገብስና ጤፍ ወይም ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ መጋገር የገብሱን መድረቅ ስለሚያስታግስ ለምግብ ቤት የሚመች መንገድ ነው።

ሽሮና ዘይቱ

እህል በላይሲን ያንሳል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ሜቲዮኒን በተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳል። ሁለቱ በአንድ ገበታ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሽሮ በእንጀራ፣ ምስር በእንጀራ፣ ባቄላ ፉል በዳቦ፣ እነዚህ ሁሉ ሥጋ ባይኖርባቸውም የተሟላ ፕሮቲን የሚሰጡ ምግቦች ናቸው።

አንድ ሰው የሚበላው ተጋቢኖ 60 ግራም ያህል የሽሮ ዱቄት ይወስዳል እንበል። ዱቄቱ 215 ኪሎ ካሎሪና 13 ግራም ፕሮቲን አለው። ወጥ ቤቷ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብትጨምር ዘይቱ ብቻ 360 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ከአንድ እንጀራ ጋር ሲደመር ምሳው 1000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ፕሮቲኑም 25 ግራም ሆነ ማለት ነው። 55 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን 46 ግራም ያህል በመሆኑ ከግማሽ የሚበልጠውን በአንድ ምሳ አገኘ። ከምሳው ኃይል ከሲሶ በላይ የሆነውን ያመጣው ግን ሽሮውም እንጀራውም አይደለም፤ ዘይቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ለሚውል ሰው ይህ ችግር አይሆንም፤ ከወንበር ሳይነሣ ለሚውል የቢሮ ሠራተኛ ግን በዓመት ሁለት መቶ ጊዜ ሲደጋገም በወገብ ላይ ይታያል። «ዘይት ቀንሱልኝ» ብሎ ማዘዝ ምንም ወጪ የለበትም፤ እንዲያውም ለቤቱ ባለቤት ቁጠባ ነው።

የዘይቱ ዓይነትም ልዩነት አለው። የፓልም ዘይት ከያዘው ቅባት ግማሹ ገደማ እንደ ቅቤ የሚረጋው ዓይነት ነው። የአገራችን የኑግ ዘይት ግን አብዛኛው ቅባቱ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው የማይረጋ ዓይነት ሲሆን፣ ሰውነት ራሱ የማይሠራው አስፈላጊ ቅባት ነው። በደጋው ብርድ ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ጠዋት ነጭ ሆኖ ጠርሙሱ ውስጥ የረጋው የፓልም ዘይት ነው። ለሳምቡሳ፣ ለቦምቦሊኖና ለድንች ጥብስ ደጋግሞ የሚፈላ፣ የጠቆረና የሚጢስ ዘይት ደግሞ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን መጣል ያለበት ነው።

ስለ ሽሮ ሲነሣ ጓያ መታለፍ የለበትም። ጓያ ድርቅን የሚቋቋምና ዋጋው የሚረክስ ጥራጥሬ በመሆኑ ከሽሮ እህል ጋር መቀላቀሉ የቆየ ልማድ ነው። በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር ለወራት ዋነኛ ምግብ ሆኖ ሲበላ የእግር ሽባነት ያመጣል፤ ሽባነቱም አይድንም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በጎንደር ደምቢያና ፎገራ፣ በ1990ዎቹም በወሎ ደጋማ ወረዳዎች ሰብል በጠፋበት ጊዜ ብዙ ሰዎችን ለአካል ጉዳት ዳርጓል። አልፎ አልፎ በጥቂቱ የተቀላቀለ ሽሮ የበላ ሰው ለሽባነት አይዳረግም። አደጋው ያለው በየቀኑ ከአንድ ቤት ለሚመገብና ሌላ ምግብ ለማያገኝ ሰው ነው። በመሆኑም ምግብ ቤቶች የሽሮ እህላቸውን ራሳቸው አስመርጠው ቢያስፈጩ ይመረጣል።

ቃሪያው፣ ቡናውና ደሙ

በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቫይታሚን ሲ በአንድ ገበታ ላይ ሲገኝ ግን መንገዱን ይከፍትለታል። ከአካባቢው ምግብ ቤት ቫይታሚን ሲ ለማግኘት ከጥሬ ቃሪያ የተሻለ ነገር የለም፤ መጠኑ ከብርቱካን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከሽሮው ጋር የሚመጣው አንድ ስንግ ቃሪያ ለማጣፈጫ ብቻ የተቀመጠ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ጥሬ ቲማቲም በሎሚ የተለወሰበት ሰላጣም ይህንኑ ያደርጋል። ቫይታሚኑ በእሳት ስለሚጠፋ ከወጡ ጋር የበሰለ ቃሪያ ያን ያህል አይጠቅምም።

በተቃራኒው ቡናና ሻይ መንገዱን ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የብረትን ወደ ደም መግባት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። የሚያስገርመው የሰዓቱ ነገር ነው፦ ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ጉዳት አላደረሰም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ቀነሰ። የእኛ ልማድ ደግሞ ምሳ በልቶ ወዲያው ቡና ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ለሆነች፣ ለምታጠባ ወይም የደም ማነስ ላለባት ሴት ቡናውን ከምሳ በፊት ማድረግ፣ ካልሆነም ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ማቆየት ዋጋ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ብረትን የሚረዳ ሌላም ነገር አለ፤ ሥጋ። ጥቂት ሥጋ ከእህሉ ጋር ሲበላ የራሱን ብረት ከመስጠቱ በላይ የእህሉም ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። በዚህ ሚዛን ቦዘና ሽሮ ከምግብ ቤት ምግቦች ሁሉ ብልህ የሆነው ነው ማለት ይቻላል፤ በጥቂት ሥጋ ብዙ ጥቅም ያስገኛልና።

በጾም ቀናት

አብዛኛው የአካባቢው ነዋሪ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ በመሆኑ የምግብ ቤቱ ሰሌዳ በቀን መቁጠሪያው ይመራል። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚሆነው ዐቢይ ጾም፣ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾሞች ተደምረው በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ይሆናሉ። ይህ የዓመቱ ግማሽ ነው። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላልና ቅቤ አይቀርቡም።

የጾም ገበታ የፕሮቲን ችግር የለበትም፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል። በያይነቱ ካለ እርሱን ማዘዝ ከአንድ ዓይነት ወጥ ይመረጣል፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹና ቀይ ሥሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ነገር ይዘው ይመጣሉና። ከቅጠሎቹ መካከል የሐበሻ ጎመን ልዩ ቦታ ይገባዋል። ውርጭ ይችላል፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቢጫማ ቀለም ሞልቶበታል፤ ካልሲየሙም በቀላሉ ይወሰዳል። ቆስጣ ግን ካልሲየሙን ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ይዞ ስለማይለቀው በዚህ በኩል ጎመንን አይተካም። ጎመኑ ያለ ምንም ቅባት ከተቀቀለ የቫይታሚን ኤው ምንጭ በደንብ አይወሰድም፤ ጥቂት ዘይት ያስፈልገዋል። ችግሩ ብዙ ቤቶች ጎመኑን በአንድ ማንኪያ መጠን ብቻ ጣል ማድረጋቸው ነው፤ ተጨማሪ ማዘዝ ይቻላል።

ተልባ የደጋው ሌላ በረከት ነው። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ በውኃ ሲበጠበጥ የጾም መጠጥ፣ እንጀራ ሲፈተፈትበት ደግሞ ፍትፍት ይሆናል። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚበልጠው ኦሜጋ ሦስት የተባለው ቅባት ነው፤ ከባሕር ርቆ ለሚኖርና ዓሣ ለማያገኝ ሕዝብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ ግን እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል።

ጾም በእውነት የሚያጎድለው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ በስተቀር በተፈጥሮ ምግብ ውስጥ አይገኝም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ በፍስክ ቀን ሥጋ፣ ወተት ወይም ዕንቁላል የሚያገኝ ሰው አይቸገርም። ጉዳቱ የሚያገኘው ዓመቱን ሙሉ በኪስ እጥረት የሚጾመውን ነው።

የመንዝ በግ

የመንዝ በግ ሰውነቱ አነስ ያለ፣ ጅራቱ ስብ የሚይዝ፣ ብርዱን የሚችል ዝርያ ነው፤ ከጸጉሩ በርኖስና ዝተት ይሠራል። በምግብ ቤት ጥብሱ፣ ቅቅሉና ቀይ ወጡ ይቀርባሉ። 100 ግራም የበሰለ ቀይ የበግ ሥጋ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲይዝ የአንድን ቀን ቫይታሚን ቢ12 ያህል ይሰጣል፤ በዚንክም የበለጸገ ነው። ላቱና ስቡ የተቀላቀለበት ጥብስ ግን በእጥፍ የሚጠጋ ኃይል ሊኖረው ይችላል፤ በላዩ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ሲጨመር 125 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይታከላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚረጋ ቅባት ከዕለት ኃይል ከአንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ 22 ግራም ነው። አንድ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን 9 ግራም ገደማ ይወስዳል።

ሥጋ በኪሎ የሚታዘዝበት ልማድ ልኩን ያስረሳል። ግማሽ ኪሎ ጥብስ ለሁለት ሰው ሲታዘዝ እያንዳንዱ ሩብ ኪሎ በላ ማለት ነው፤ የካንሰር መከላከልን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ፈንድ ደግሞ የቀይ ሥጋ መጠን በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም ከሚሆን የበሰለ ሥጋ እንዳያልፍ ይመክራል። ቅቅል ከጥብስ የሚሻለው ስቡ በመረቁ ላይ ስለሚንሳፈፍና ሊገፈፍ ስለሚችል ነው። ፍስክ ሆኖ በጀት ካልፈቀደ ሁለት ዕንቁላል ጥብስ 12 ግራም ፕሮቲን፣ ቢ12 እና ቫይታሚን ኤ በትንሽ ዋጋ ይሰጣል።

ጨውና አዮዲን

በደጋ አገር ዝናብና ጎርፍ ከአፈሩ አዮዲንን ያጥባሉ፤ አዮዲን ባጣ አፈር ላይ የበቀለ እህልም አዮዲን የለውም። እንቅርት በተራራማው ሕዝብ ዘንድ የተለመደ ሕመም የሆነው በዚህ ነው። ከአንገት እብጠቱ የሚከፋው በማኅፀን ያለ ልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ዳሰሳ ከተመረመሩት ሕፃናት 40 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት ተገኝቶባቸው ነበር፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አስገደደ።

ጨው ውስጥ ያለ አዮዲን ግን ተኖ የሚጠፋ ነው። ክፍት ዕቃ ውስጥ ምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ወጡ ገና ሲጣድ ተጨምሮ ለሰዓታት ሲፈላ መጠኑ ይቀንሳል። ምግብ ቤቶች ጨዉን በክዳን ዕቃ ቢያስቀምጡና ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨምሩ አዮዲኑ ለተመጋቢው ይተርፋል። ይህም ከጣዕሙ አንዳች አይቀንስም።

በሌላ በኩል መጠኑ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህ ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። በምግብ ቤት ወጥ ውስጥ ጨው በሦስት በር ይገባል፦ በርበሬው ሲዘጋጅ፣ የሽሮው ዱቄት ሲሰናዳ፣ በመጨረሻም ድስቱ ላይ። ወጥ ቤቷ ሦስተኛውን ብቻ ስለምትቆጥር ተመጋቢው የሚበላውን ልክ አያውቅም። የደም ግፊት ያለበት ሰው አልጫ ቢያዝ ቢያንስ የበርበሬውን ጨው ይቀንሳል።

ስለ መጠጡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ 12 ግራም። ድርጅቱ የሚመክረው የስኳር ጣሪያ በቀን 50 ግራም፣ ቢቻል 25 ግራም ነው። ሁለት ሻይና አንድ ለስላሳ የጠጣ ሰው ጣሪያውን አልፏል።

ልጆች በምግብ ቤት

በገበያ ቀን ከወላጆቹ ጋር ምግብ ቤት የሚገባው ሕፃን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከትልልቆቹ ትሪ ላይ በወጥ የራሰ እንጀራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሚገኙ ሕፃናት 41 በመቶ ያህሉ መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 37 በመቶ ነበር። የመንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. የተገባው እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨርን ለማስቀረት ነው። መቀንጨር ጉዳቱ የሚደርሰው በዋናነት ከፅንስ ጀምሮ ሁለተኛ ዓመቱ እስኪሞላ ባሉት አንድ ሺህ ቀናት ውስጥ ስለሆነ፣ ጥሩ እህል በሚያመርት ደጋም ቢሆን የሚከሰተው ሕፃኑ ከእህሉ ሌላ ነገር ባለማግኘቱ ነው።

የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። ከግማሽ በላይ ውኃ የሆነ እንጀራ በጥቂቱ ያጠግበዋል፤ የሚያስፈልገውን ኃይል፣ ብረትና ቫይታሚን ኤ ሳያገኝ ይጠግባል። ለእርሱ ለብቻው አንድ የተቀቀለ ዕንቁላል ማዘዝ፣ ካለም የፈላ ወተት፣ ካልሆነም በርበሬ ያልበዛበት የክክ ወይም የምስር አልጫ በጥቂት ዘይት ተለውሶ እንዲቀርብለት መጠየቅ ይገባል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የአመጋገብ መመሪያ ከተለያዩ የምግብ ምድቦች አሰባጥሮ መብላትን ይመክራል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወደ ደጋው ከተሞች የሚወጣው ፓፓያና ማንጎ በገበያ ሲገኝም ከምግብ ቤቱ ደጅ ገዝቶ ለልጁ መስጠት ከአንድ ለስላሳ የማይበልጥ ወጪ ነው። የሰባተኛ ዓመት ዕድሜ ያልሞላው ሕፃን ጾም የማይገደድ በመሆኑ በረቡዕና በዓርብ የፍስክ ምግብ የሌለው ቤት ከገባ ዕንቁላሉ ከቤት ተቀቅሎ ሊያዝለት ይችላል።